ምዕራፍ 6፦ የአንድ ግኝት ዕድሜ

የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ስም ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው አንድ ቀን ነው። በ1964 (በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ደኅና ቀንድ አውጣዎች ለቅመው በዕቃ አደረጉና የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ታሪኩ በየትምህርት ቤቱና በየመድረኩ ሲነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ጊዜ ነው። አክሊሉ ያዩትን ነገር ለማየት አንድ ከሰዓት በቂ ሆኖ ይሆናል፤ ያዩት ነገር እውነት፣ ጠቃሚና አደጋ የሌለው መሆኑን ዓለምን ለማሳመን ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አልበቃም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አክሊሉ ያስተምሩበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ስሙ ተለወጠ፣ ደጁ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ፣ መምህራኑ ተበተኑ፣ ሌሎች መጡ። የአንድ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር ኑሮና የዩኒቨርሲቲ ሕይወት እንዴት እንደተጣመሩ፣ አንዱ ሲናጋ ሌላው ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባን ግን ከትሉ መነሣት አለብን።

ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ዕድሜውን የሚገፋው በሁለት ፍጡራን ገላ ላይ ነው፤ በሰውና በቀንድ አውጣ። ያደገው ትል በሰው አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ወንድና ሴት ተጣምሮ ይኖራል፤ ሴቷም ያለማቋረጥ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የቀረው ጉበት ውስጥና የአንጀት ግድግዳ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ጉበትን የሚያደድረው፣ ሆድን የሚነፋው፣ ልጁን የሚያደክመውም በአብዛኛው ይኸው ተቀርቅሮ የቀረው እንቁላል ነው። ውሃ ያገኘው እንቁላል ይፈለፈልና በዓይን የማይለይ ዋናተኛ እጭ ይወጣዋል። ይህ እጭ በሰዓታት ውስጥ የሚስማማውን ዓይነት ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል። ካገኘ ግን ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ ከአንዲት ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። እነዚህ ውሃ ሊቀዳ፣ ሊዋኝ ወይም ከብት ሊያጠጣ የገባን ልጅ ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ ዑደቱም ይዘጋል። በኢትዮጵያ የወይና ደጋ ወንዞችና ሐይቆች ዳር የሚበዛው የአንጀቱ ዓይነት ሲሆን፣ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ሌላኛው ዓይነት በጥቂት ቆላማ ሸለቆዎች የተወሰነ ነው።

ሰንሰለቱን ከሦስት ቦታ መበጠስ ይቻላል። በሽተኛውን በመድኃኒት ማከም፣ ዓይነ ምድር ውሃ እንዳይገባ ማድረግ፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት። በ1960ዎቹ የነበሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹ በመርፌ የሚሰጡ፣ በሽተኛውን ራሱን የሚያንገላቱ ነበሩ፤ መጸዳጃ ቤትን ለገጠር ሁሉ ማዳረስ የብዙ ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ባለሙያዎች ዓይን ያረፈው ቀንድ አውጣው ላይ ነበር። ለዚህ የተመረጠው ደግሞ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚያመርተው ኬሚካል ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ድሃ አገር በየዓመቱ ወንዝ ለወንዝ ሊረጨው የማይችል።

የእንዶድ ነገር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩና በየጫካው ጥግ የሚወጣ ተንጠልጣይ ቁጥቋጦ ነው፤ ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። እናቶቻችን ደርቆ የተወቀጠውን ፍሬ ለጋቢና ለነጠላ ማጠቢያ ያደረጉት አረፋው እድፍ ስለሚያስለቅቅ ነው። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው የንጥረ ነገሮች ቤተሰብ ሲሆን፣ ቅባትን ከልብስ የሚያላቅቀው ያው ጠባዩ የቀንድ አውጣን የሕዋስ ሽፋን ይቦድሳል፤ ቀንድ አውጣው ይደማል፣ ይኮማተራል፣ ይሞታል። ቆየት ብሎ በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ከፍሬው ውስጥ ዋናውን ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ በአክሊሉ አባት ስም «ለማቶክሲን» አሉት።

እንዶድ ጉድለትም አለው፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። የቀንድ አውጣን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ ርጭቱ መደጋገም አለበት። ቀንድ አውጣን በሚገድል መጠን ሲጨመር በአካባቢው ያለ ዓሣም ይሞታል። በሌላ በኩል በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ ውሃው ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቀር መርዝ አይደለም። ከቦታ ቦታ፣ ከተክል ተክል ኃይሉ ይለያያል፤ ያልበሰለው ፍሬ ከበሰለው ይበረታል። መቼ ይለቀም፣ እንዴት ይድረቅ፣ ስንት ግራም ለስንት ሊትር፣ በየስንት ጊዜው፣ ከዝናብ በፊት ወይስ በኋላ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የዓመታት ክትትል ይፈልጋል። በሽታው በስንት ሰው እንደቀነሰ ለማወቅ ደግሞ ያንኑ ሰፈር፣ ያንኑ ወንዝ፣ ያንኑ ልጆች ደጋግሞ መመርመር ግድ ነው።

አክሊሉ ይህን ሥራ የጀመሩበት ዩኒቨርሲቲ ገና ልጅ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ፤ በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀቁለት። የሳይንሱ ቤት አራት ኪሎ ሆነ። በዚያን ጊዜ ከመምህራኑ እጅግ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከጆንስ ሆፕኪንስ በዶክትሬት ተመርቆ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ያገኘው ታዲያ ምን ነበር? ደመወዙ እንደ ውጭ አገሩ አልነበረም፤ ያገኘው ቦታ ነው። ገና ያልተያዘ፣ ራሱ ሊያቀናው የሚችል ቦታ። አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል።

ኢንስቲትዩት ማቋቋም በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ከመያዝ ይለያል። የትምህርት ክፍል የሚሄደው በሴሚስተር ነው፤ መስከረም ይከፈታል፣ ፈተና ይሰጣል፣ ይዘጋል። ትሉ ሴሚስተር አያውቅም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዑደቱን ለማቆየት ቀንድ አውጣዎቹ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልና ክረምት ሳይባል መመገብ፣ ውሃቸው መለወጥ፣ እጩ የሚገባባቸው አይጦች መያዝ አለባቸው። አንድ ሳምንት ቢዘነጉ የወራት ድካም ውሃ ይበላዋል። ለዚህ የራሱ ቴክኒሻን፣ የራሱ መኪና፣ የራሱ በጀት ያለው ቤት ያስፈልጋል። አክሊሉ ይህን ቀድመው ያዩ ይመስለኛል። ቢልሃርዝያ ብቻም አልነበረም ሥራቸው፤ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታና የሚያስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ በኢትዮጵያ ደጋዎች ያጠኑ ቀዳሚ ቡድን መሪ ነበሩ።

ትልቁ ሙከራ ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ተካሄደ። ከተማዋ 17,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በከተማዋ የሚያልፉት ወንዞች በአካባቢው በተሰበሰበ እንዶድ እየታከሙ የሕዝቡ ጤና አምስት ዓመት ክትትል ተደረገበት። ውጤቱ ይህ ነው፦ ከሙከራው በፊት ከትንንሽ ልጆች ግማሽ ያህሉ ትሉ ነበረባቸው፤ በመጨረሻው ላይ 7 በመቶው። ትንንሾቹ ልጆች የተመረጡበት ምክንያት አለ። ትልቅ ሰው ገላ ውስጥ የተገኘ ትል ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ገላ ውስጥ የተገኘ ትል ግን የገባው በቅርቡ ነው። የልጆቹ ቁጥር ወንዙ ዛሬ ምን ያህል እንደጠራ ይናገራል። ይህን መሰል ጥናት በአንድ የዶክትሬት ተማሪ ቆይታ ውስጥ አይሠራም፤ በሁለት ዓመት የእርዳታ ገንዘብም አይሠራም።

የሙከራው መጨረሻ ዓመትና የንጉሡ ሥርዓት መጨረሻ ዓመት አንድ ናቸው። በ1974 ማብቂያ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ፤ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወረዱ፤ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ገደማ መደበኛ ትምህርት አቆመ። ከዚያ ስሙ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ ቀይ ሽብር። በእነዚያ ዓመታት ያለቀው ትውልድ ታሪክ በሌሎች መጻሕፍት በሰፊው ተጽፏል፤ እዚህ የማነሣው አንዱን ጎኑን ብቻ ነው፤ በየቤተ ሙከራው ሊተካ የነበረው ረዳት፣ ቀንድ አውጣውን የሚያውቀው ተማሪ፣ የመስክ መዝገቡን የሚረከበው ሰው አብሮ ጠፋ። አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ ሄዱ፤ በኋላም ዩኒሴፍ በፍሎረንስ ባቋቋመው የሕፃናት ማዕከል ሠሩ። የአድዋው ጥናት ዋና ጽሑፍ በሳይንሳዊ መጽሔት የታተመው በ1983 ነው። የመስኩ ሥራ ካበቃ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንዶዱ ግን ባለቤት አላጣም። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ሳይንስ ሰው አገር ውስጥ ቀርተው የማይታየውን ሥራ ሠሩ፤ ከየአውራጃው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰበሰቡ፣ ጎን ለጎን ተክለው አሳደጉ፣ ፍሬያቸውን ለቅመው ኃይላቸውን ለኩ፣ በተባይና በድርቅ የማይበገሩትን መረጡ። በመጨረሻ «ዓይነት 44» የሚባለውን ለዩ፤ ከዱር እንዶድ እጅግ የበረታ፣ ተዘርቶ እንደ ሰብል ሊመረት የሚችል። ለስብሰባ የማያመች፣ በጋዜጣ የማይወጣ፣ በየክረምቱ ጭቃ እየረገጡ የሚሠራ ሥራ ነው። ለእኔ ከአድዋው ቀን የማያንስ ግኝት ነው።

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚሁ ዘመን፣ ሳይቋረጥ የተጠናቀቀ ሌላ ሥራ አለ፤ እሱን ሳላነጻጽር ማለፍ አልችልም። የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በ1980 ተጀመረ። ከአራት ኪሎው ብሔራዊ ሄርባርየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ጋር የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተባበረ፤ ኢንጋ ሄድበርግ ከዚያ፣ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በኋላም ሰብስቤ ደምሰው ከዚህ መሩት። ጦርነት መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ኤርትራ ነፃ ወጥታ የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ሆነ፤ የመጨረሻው ቅጽ በ2009 ወጣ። ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ስማቸው፣ መልካቸውና መኖሪያቸው ተመዘገበ። የአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ነው።

ፍሎራው ለምን ዘለቀ፣ የእንዶዱ ምርምር ለምን ተቆራረጠ? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ የስዊድን መንግሥት እርዳታ በዓመት ሳይሆን በዐሥር ዓመት አሰበ። ሌላው ከሥራው ጠባይ ይመጣል። በሄርባርየም ወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ቅጠል ይጠብቃል። ተመራማሪው ቢታሰር፣ ቢሰደድ፣ ዘመቻ ቢሄድ፣ ቅጠሉ ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ነው፤ ቀጣዩ ሰው መሳቢያውን ከፍቶ ይቀጥላል። የወንዝ ሕይወት አይጠብቅም። ርጭቱ ሲቆም ቀንድ አውጣው ከቀረው እንቁላል እንደገና ይፈለፈላል፣ ልጆቹ እንደገና ይያዛሉ፣ የአምስት ዓመቱ ንጽጽር ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የሁሉም ሳይንስ ኪሳራ እኩል አይደለም። በሕይወት ያለ ነገር የሚያጠና ሰው ከሁሉም በላይ ይጎዳል።

ቀጣዩ ፈተና ከአገር ውጭ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ደኅና መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች፣ በተወሰነ ሥርዓት ካልተረጋገጠ አንቀበልም አሉ። መጠንቀቁ ስሕተት አልነበረም፤ ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ እንዲህ ያለው ምርመራ በወቅቱ አዲስ አበባ ሊሠራ አለመቻሉ፣ ከፍሎ የሚያሠራም አለመገኘቱ ነው። ለብዙ ዓመት ነገሩ በዚህ ተንጠልጥሎ ቆየ። በመጨረሻ ወጪውን የካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ሸፈነ፤ ምርመራው ተሠርቶ ውጤቱ በ1990ዎቹ መባቻ ታተመ። በ1989 አክሊሉና ለገሠ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስቶክሆልም ላይ በጋራ ተቀብለዋል። አክሊሉ ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ያሳዘናቸው ከአፍሪካ ቤተ ሙከራ የወጣ ውጤት በራሱ አለመታመኑ እንደሆነ በየመድረኩ ተናግረዋል። እኔም ይህን ሳነብ ያመኛል፤ ምክንያቱም ጥርጣሬው ከሰውየው ችሎታ ይልቅ ከአድራሻቸው የመነጨ ነበር።

በአሜሪካዋ ቶሌዶ የሆነው ታሪክ ይህን በሌላ ገጽ ያሳያል። በ1988 ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ የመጣ ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተገኘ፤ ተባዝቶም የከተማ ውሃና የኃይል ማመንጫ ቧንቧዎችን መዝጋት ጀመረ። አክሊሉ በ1990 ከኢሪ ሐይቅ ዳር ከሚገኘው ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ በሄዱበት ጊዜ የእንዶድ ፍሬ ተሞከረበትና ገደለው። ከዚያ የተከተለው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በአሜሪካ ተመዘገበ። አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ተብለው ቢመዘገቡም፣ እንዶድን ከትውልድ ትውልድ ሲያውቁት፣ ሲለቅሙትና ሲወቅጡት የኖሩት ሴቶች በየትኛው መስመር ላይ ይጻፉ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ሕግ አልነበረውም።

ሕጉ ኋላ መጣ፤ ከታገሉለት ውስጥ አንዱም ከዚያው ከአራት ኪሎ የወጡ የዕፅዋት ሳይንስ ሰው ናቸው። በአብዮቱ ዓመታት የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ በኋላ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በብዝኃ ሕይወት ድርድሮች አፍሪካን ወክለው ተከራከሩ፤ በ2000 እሳቸውም ያንኑ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ኢትዮጵያ በ2006 በአዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀትና የዘረ መል ሀብት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ተካፋይነት እንዳይወሰድ ደነገገች። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠሩ ሁለት የሥነ ሕይወት ሰዎች፣ አንዱ ጥያቄውን በሥራቸው አስነሡ፣ ሌላው መልሱን በሕግ አስጻፉ።

አክሊሉ በ1997 አረፉ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን የዩኒቨርሲቲ ለውጥ አላዩም፤ ለውጡ ደግሞ ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ ይሰፋል።

በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀመር ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የውጭ አገር መምህራንን የሚተኩ ኢትዮጵያውያን አገር ውስጥ ማሠልጠን። ብዙ ተሳክቷል። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያስተምሩ አብዛኞቹ የሥነ ሕይወት መምህራን ማስተርሳቸውን፣ ብዙዎቹም ዶክትሬታቸውን የሠሩት እዚሁ ነው። በ1993 ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ መባረራቸው ሌላ ስብራት ነበር፤ አንጋፋዎቹ ሲወጡ ወጣቱ ከማን አጠገብ ቆሞ ይማር የሚለውን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ መስፋፋቱ መጣ። በጣት ከሚቆጠሩ ተቋማት ተነሥቶ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደረሰ። ይህን ለማጣጣል የሚቸኩሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ወላጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ልጅ ከትውልድ መንደሩ ብዙ ሳይርቅ ማይክሮስኮፕ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ግን ተከፍሏል፤ አብዛኛውንም የከፈለው መምህሩ ነው። ከ2008 ወዲህ ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ሲወሰን የባዮሎጂ ክፍሎች ሳይመርጡት በተመደቡባቸው ተማሪዎች ሞሉ። ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት አዳራሽ ሙሉ ሰው አስተማረ። የቤተ ሙከራ ሥራ በምንዛሪ በሚገባ ኬሚካል ስለሚሠራ ተማሪው የሚያየው ሥዕሉን ብቻ የሆነበት ብዙ ቦታ አለ። ከዚያ ነገሩ በድንገት ተገለበጠ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ በተለወጠበት በ2022 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ትናንት ወንበር ያልበቃው ክፍል ዛሬ ተማሪ ፈላጊ ሆነ። በዚያው ሰሞን የመውጫ ፈተና መጣ፤ በ2023 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት አዋጅ ወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆነ። አንድ መምህር በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ አሳልፏል።

ከሁሉም በላይ የተለወጠው ግን የማዕረግ ዕድገት የሚለካበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር የሚሄደው ሰው በየተወሰነ ዓመቱ የታተሙ ጽሑፎቹን ይቆጥራል፤ ይቆጠርለታል። መለኪያ መኖሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በዝምድና ከመሾም በብዙ ይሻላል። ነገር ግን የአድዋውን ጥናት በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። አምስት ዓመት የመስክ ሥራ፣ ዘጠኝ ዓመት ጥበቃ፣ አንድ ዋና ጽሑፍ። ዛሬ ያለ ወጣት ተመራማሪ ይህን መንገድ ቢመርጥ በሌክቸረርነት ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ አይመርጥም። በሁለት ሳምንት መጠይቅ የሚሰበሰብ፣ በአንድ ክረምት የሚጻፍ ጥናት ይመርጣል፤ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቹን ማሳደግ ስላለበት ነው። የውጭ አጋር ካገኘ ደግሞ ጥያቄውን የሚያወጣው ገንዘቡን የያዘው ወገን ነው፤ የእኛው ሰው ናሙና ይሰበስባል፣ ናሙናው ይላካል፣ ስሙ ከደራሲዎቹ መካከል መሐል ላይ ይገባል።

ሴኔቶቻችን ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር ነው ይህ። የአምስት ዓመት የመስክ ክትትልን እንደ አምስት ዓመት ሥራ የሚቆጥር፣ ዓመታዊ መዝገቡን የሚገመግም፣ ዓይነት 44ን የመሰለ የተመረጠ ተክል ላስረከበ ሰው ከታተመ ጽሑፍ እኩል ዋጋ የሚሰጥ መመሪያ መጻፍ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የማስተማር ጫና ለሁለት መምህራን ተከፍሎ አንዱ መስክ ሲሆን ሌላው ክፍል የሚገባበት አሠራርም እንዲሁ። ራስ ገዝነት ትርጉም ካለው እዚህ ላይ ሊታይ ይገባል።

ጥያቄው ደግሞ ያለፈበት አይደለም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፕራዚኳንቴል የሚባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት መጥቶ የቀድሞዎቹን መርፌዎች አስቀርቷል፤ በኢትዮጵያም በየትምህርት ቤቱ በብዛት ይሰጣል። ዓለም ለብዙ ዓመት ቀንድ አውጣውን ረስቶት ነበር። መድኃኒቱ ግን ዛሬ ያለውን ትል እንጂ ነገ ከወንዝ የሚገባውን አይከላከልም፤ ልጁ ታክሞ ሲያበቃ ወደዚያው ውሃ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የቀንድ አውጣ ማጥፊያዎችን የመስክ አጠቃቀም መመሪያ እንደ አዲስ አወጣ፤ በ2022ም ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመድኃኒቱ ጎን እንዲሄድ መከረ። የሚመከረው ማጥፊያ ግን ያው የ1960ዎቹ ኬሚካል ነው፤ ኒክሎሳማይድ።

የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአድዋ በኋላ በባቲ ከተማም እንዶድን በመስክ ሞክረው ውጤቱን አሳትመዋል። የቀረው ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ በርጭቶች መካከል ያለውን ጊዜ ከቀንድ አውጣው እንቁላል መፈልፈያ ጋር ማጣጣም፣ ዓሣ ያለበትን ውሃ ለይቶ ማስቀረት፣ ዓይነት 44ን ገበሬው በሚያዋጣ ዋጋ እንዲያመርተው ማድረግ፣ ከፕራዚኳንቴል ጋር አብሮ ሲሄድ ዳግም መያዝን ምን ያህል እንደሚቀንስ መለካት። በአክሊሉ ዘመን ወደ አድዋ የሚወርድ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ቀናት ይጓዝ ነበር። አሁን አክሱም ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ወንዝ ብዙም አይርቅም፤ ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነት ያደረሰበትን ጉዳት ገና እየጠገነ ነው። ሥራውን የሚጀምረው ሰው ከዚያ ቢነሣ ጠዋት ወንዝ ወርዶ ቀንድ አውጣውን ቆጥሮ ለከሰዓት ክፍለ ጊዜው ይደርሳል። የሚያስፈልገው መኪና፣ አንድ ቴክኒሻንና አምስት ተከታታይ ዓመት ነው።